መንገድ አይለመንም

ሳልትቢ ላይ ባቡር የሚቆመው ሲለመን ብቻ ነው። የተሳፈረው ሰው ለትኬት ቆራጩ አስቀድሞ ይነግራል፤ ጣቢያው ላይ የሚጠብቀው ደግሞ እጁን ዘርግቶ ይቆማል። ያልተናገረና እጁን ያልዘረጋ እንደሆነ ባቡሩ ነፋስ አልብሶት ወደ ሰሜን ይነጉዳል። ጣቢያ ተብሎ ያለው አንድ አግዳሚ ወንበር፣ አንድ መብራትና ቀለሙ የተላጠ ሰሌዳ ነው። ከዚያ ወዲያ የበግ መስክ፣ ከመስኩ ወዲያ ረግረግ፣ ከረግረጉ ወዲያ ባሕር።

ዊልፍ ኦግደን በዚህ መስመር አርባ ዓመት ትኬት ቆርጧል። ገና ሥራ ላይ ሳለ ነው የቅዳሜ እግረኞች የሚባለውን ማኅበር ያቋቋመው። በጠዋቱ ባቡር ይሄዳሉ፣ ቀኑን ሙሉ በእግራቸው ይውላሉ፣ በማታው ባቡር ይመለሳሉ። ሌላ ዓላማ የላቸውም። ለአዲስ አባል ሁሉ የሚነግራት አንዲት ቃል አለችው።

«ባቡር ይለመናል፣ መንገድ አይለመንም» ይላል። «መንገድ ይረገጣል። ሃያ ዓመት ሳትደበቅ፣ ሳትጣላ፣ ማንንም ሳታስፈቅድ ከረገጥከው የንጉሥ ልጅ ቢመጣ አይዘጋብህም። ሕግ ነው።»

ሕጉም በእርግጥ እንደዚያው ይላል። ሳይለምን የረገጠ ይወርሳል፤ ለምኖ የረገጠ ግን እንግዳ ነው፤ እንግዳ ደግሞ ሺህ ዓመት ቢመላለስ ባለቤት አይሆንም።

ኤኒድ ኮትል ይህችን ቃል መስማት ከጀመረች ሃያ ስድስት ዓመት ሆኗታል። አሁን ሰባ አንድ ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷ ባለበት ዘመን የትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ ነበረች። በማኅበሩ ውስጥ ሥራዋ የኋላ ዘብነት ነው። ዊልፍ ፊት ፊት ይመራል፤ እሷ ከሁሉ ኋላ ትሄዳለች፤ የአጥር በር ሲከፈት የምትዘጋው፣ ሰው ሲጎድል የምታውቀው እሷ ነች። ስትቆጥር ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

በዚያ ቅዳሜ ጠዋት ከባቡሩ ሲወርዱም ቆጠረች።

«ስንት ነን?» አለቻት ሞይራ፤ ሞይራ ነገር ሳትቆሰቁስ የማትውል ጡረተኛ ነርስ ናት።

«አሥራ አንድ።»

«ውሻውን ቆጥረሽ ነው?»

«ውሻው ከአንቺ ይሻላል፤ ሲጠሩት ይመጣል።»

ሳቁ። ዊልፍ ግን አልሳቀም። በከዘራው ተደግፎ መስኩን ሲያይ ነበር። ከጣቢያው አንስቶ በመስኩ መሐል አቋርጦ፣ ረግረጉን በእንጨት ድልድይ ተሻግሮ ባሕሩ ድረስ የሚወርደው መንገድ ወለል ብሎ ይታያል። አንድ ማይል ሜዳ ነው፤ አንዲት ጉብታ እንኳ የለውም። በመስኩ መግቢያ ላይ ግን አዲስ የሽቦ አጥር ተተክሏል፤ በሩ ላይ ሰንሰለት፣ ከሰንሰለቱ በላይ ሰሌዳ፦ «የግል ይዞታ። ማለፍ ክልክል ነው።»

አጥሩ ከተተከለ ሁለት ዓመት ሆነው። መሬቱ የሚስተር ፎሴት ነበር፤ በግ አርቢው ሚስተር ፎሴት ሲሞቱ ልጆቻቸው ላንግሪጅ ለሚባል የከተማ ሰው ሸጡት። ከዚያ ወዲህ ባሕር መድረስ የፈለገ ሰው የእግረኛ ዳር በሌለው የመኪና መንገድ ሦስት ማይል መዞር አለበት። ሌሎቹ ይዞራሉ። ዊልፍ አይችልም። ሰማንያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ የቀኝ ጉልበቱ ሁለት ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል። ተራራውንም ገደሉንም አንድ በአንድ ተሰናብቶ ጨርሶ፣ በዓለም ላይ የቀረችለት መንገድ ይህች አንድ ማይል ብቻ ነበረች።

«ሂዱ እናንተ» አላቸው። «እኔ እዚህ ወንበሩ ላይ ሻዬን እጠጣለሁ።»

«ብቻህን?» አለች ሞይራ።

«ኤኒድ አለች። የመጨረሻው ሰው እኔ ከሆንኩ የኋላ ዘብ ከእኔ ጋር ነው የምትቀረው። ደንብ ነው።»

ሰዎቹ ውሻውን አስቀድመው ወደ መኪናው መንገድ ሲወርዱ ሁለቱ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ኤኒድ ከቴርሞሱ ሻይ ቀዳች። ነፋሱ የባሕሩን ሽታ ያመጣዋል፤ ባሕሩን ግን ከዚያ ቁጭ ብሎ ማየት አይቻልም።

«ማክሰኞ» አለ ዊልፍ። «የመንገዱ ክርክር ማክሰኞ ያልቃል። ደብተሮችሽን አዘጋጀሽ?»

«አዘጋጀሁ።»

«ሃያ ስድስት ደብተር! እኔ የራሴን ልደት የማላስታውስ ሰው፣ ኤኒድ ኮትል በዝናብ ስንት ሰው እንደነበረ ጽፋ አስቀምጣለች። የሰውዬው ጠበቃ መጥቶ ‹አልሄዳችሁም› ይበለና ያንን ክምር ፊቱ እዘረግፍለታለሁ።» ሻዩን ፉት አለ። «ክርክሩን የምትዳኘው መርማሪ ብልህ ሴት ናት አሉ። ሦስት ነገር ብቻ ነው የምትጠይቀው፤ በግልጽ ነው ወይ፣ በሰላም ነው ወይ፣ ሳታስፈቅዱ ነው ወይ። ሦስቱንም ይዘናል።»

ኤኒድ የቴርሞሱን ክዳን ታጠብቃለች፣ ትፈታለች፣ መልሳ ታጠብቃለች።

«ዊልፍ...»

«እ?»

«ምናልባት ባንረታስ?»

«ባንረታማ» አለ ወደ አጥሩ እያየ፤ «ባንረታማ ይህን ወንበር እንደ ሙት መታሰቢያ ስሜን ጽፈውበት ይስጡኝ። እዚሁ ልቀመጥበት።»

በቀልድ ነው የተናገረው። እሷ ግን አንገቷን ደፋች። የምትነግረው ነገር ነበራት፤ ሻይ ጨመረችለት እንጂ አልነገረችውም።

ነገሩ እንዲህ ነበር።

ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት፣ ማኅበሩ ሳልትቢን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲረግጥ፣ ዘጠኝ ሰዎች ነበሩ። ዊልፍ ዘፈን እያፏጨ ፊት ፊት ይሄዳል። ኤኒድ ከኋላ ቀርታ በሩን ስትዘጋ፣ ከጎተራው ጥግ ሚስተር ፎሴት ቆመው ሲያዩዋት አየቻቸው። ሰውየው ቁጣም ፈገግታም ሳያሳዩ ዝም ብለው ያያሉ። ኤኒድ እናቷ በትልልቅ ሰዎች ቤት ገረድ ሆና ያሳደገቻት ልጅ ናት። የሰው ደጅ ሲረግጡ አንኳኩ፣ የሰው ዕቃ ሲያነሡ አስፈቅዱ እየተባለች ነው ያደገችው። የሰው ዓይን እያየ ዝም ብሎ ማለፍ ለእሷ ከስርቆት አይለይም። ሌሎቹ ጀርባቸውን እንደሰጡ ወደ ጎተራው ሮጥ አለች።

«ይቅርታ ጌታዬ፣ በመሬትዎ ብናልፍ ይፈቅዱልናል?»

ሽማግሌው እንዲህ ያለ ጥያቄ ተጠይቀው የሚያውቁ አይመስሉም። ባርኔጣቸውን ገፋ አደረጉ።

«እለፉ። በጎቼ እንዳይወጡ በሩን ዝጉልኝ እንጂ።»

ሌላ ቃል የለም። በመከሩ ወራት ግን ኤኒድ ለደግነታቸው ብላ አንድ ብልቃጥ የፕለም ማርማላታ ይዛላቸው ሄደች። «ዘንድሮስ እንለፍ?» አለቻቸው። «እለፉ» አሏት። በዓመቱም እንዲሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ እሳቸው እስኪሞቱ፣ ማርማላታውና ጥያቄው፣ «እለፉ»ውም፣ እንደ እንኳን አደረሰህ የተለመደ ሆነ። ከኋላ ስለምትቀር ማንም አላየም። ዊልፍ እንዳይቆጣት ብላ ማንም አልነገረችም። የምታሳልፋቸው እሷ ሆና፣ ዊልፍ መንገዱን በእግሩ የሚያስገብር መሰለው።

ከዊልፍ ጋር ወንበሩ ላይ በዋሉበት ቅዳሜ ማታ ኤኒድ ቤቷ ገብታ የመጀመሪያውን ደብተር ገለጠችው። ጽሑፏ ያኔ ክብ ክብ ነበር። «ሳልትቢ። ዘጠኝ ሰው። ካፊያ። ገበሬውን አስፈቀድሁት፤ እለፉ አለኝ። ደግ ሰው ነው። በር ዘጋሁ።»

አንድ ገጽ ነው። መቀሱ መሳቢያው ውስጥ ነው። የቀሩት ደብተሮች ስለ ማርማላታው እንጂ ስለ ፈቃዱ አይናገሩም፤ ማርማላታ ደግሞ ወንጀል አይደለም። ፎሴት ሞተዋል። ከእሷ በቀር ምስክር የለም። መቀሱን አውጥታ ከደብተሩ አጠገብ አስቀመጠችው፤ እራቷን በላች፤ ሳህኑን አጠበች፤ ተመልሳ መጣች። መቀሱ እዚያው ነው። የዊልፍ ጉልበት ታሰባት፤ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ የማይታየውን ባሕር ሲያይ። ቀጥሎም ሚስተር ፎሴት ታሰቧት፤ ባርኔጣቸውን ገፋ አድርገው። ያንን ገጽ ብትቆርጠው እኚያ ሰው ደግ እንዳልነበሩ፣ ከነአካቴውም እንዳልነበሩ ሊሆን ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ከደጃቸው ቆማ የተቀበለችውን ቃል መካድ ሊሆን ነው።

ደብተሩን ከነገጹ ከሌሎቹ ጋር በከረጢቱ ከተተችው።

ማክሰኞ ችሎቱ የተቀመጠው ከሳልትቢ ወዲያ ባለው ከተማ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ነበር። መርማሪዋ ፀጉሯን ያሳጠረች፣ ድምፅዋ የማይሰማ ሴት ናት። ላንግሪጅ ከጠበቃው ጋር ከፊት ተቀምጧል፤ ሲታይ ክፉ ሰው አይመስልም፤ ከከተማ ጫጫታ ሸሽቶ መጥቶ ጸጥታ የፈለገ ሰው ነው የሚመስለው። ዊልፍ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ የባቡር ድርጅቱን የድሮ ክራቫት አስሮ፣ ደብተሮቹን በጠረጴዛው ላይ ከመረ። ሞይራም መሰከረች፣ ሌሎቹም መሰከሩ። ሁሉም ማንንም አላስፈቀድንም አሉ፤ ያሉትም እውነታቸውን ነው።

ኤኒድ ስትጠራ ጠበቃው ከወንበሩ ሳይነሳ ነው የጠየቃት። ተስፋ የቆረጠ ሰው ይመስል ነበር።

«ወይዘሮ ኮትል፣ ለደንቡ ያህል ልጠይቅዎት። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ እርስዎ ባለመሬቱን አስፈቅደው ያውቃሉ?»

አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው ሲያስል ተሰማ። ዊልፍ ፈገግ ብሎ ያያታል፤ መልሷን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ፈገግታ።

«አዎ» አለች ኤኒድ።

ጠበቃው ቀና አለ።

«ይቅርታ?»

«አስፈቅጃለሁ። በየዓመቱ። የመጀመሪያው ደብተር ላይ አለ፤ ሦስተኛው ገጽ።»

መርማሪዋ ደብተሩን ሳብ አድርጋ ገለጠችው። አነበበችው። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ኤኒድ ወደ ዊልፍ ማየት አልቻለችም፤ የከዘራው ጫፍ ወለሉ ላይ ሲንሸራተት ግን ሰማች።

ሲመለሱ ሁሉም በአንድ ባቡር ተሳፈሩ። ሞይራ እንኳ ነገር አልቆሰቆሰችም። ዊልፍ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ ቆየና ሳልትቢን ሲያልፉ፣ ፊቱን ሳያዞር፣

«ሃያ ሁለት ዓመት» አለ።

«አዎ።»

«ከጀርባዬ።»

«ከኋላህ ነበርኩ፤ ከጀርባህ አልነበርኩም።»

«እንግዳ ነበርኩ ማለት ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እንደ ጌታ ስንጎማለል አንቺ በማርማላታ ታሳልፊኝ ነበር።»

ኤኒድ የደብተሮቹን ከረጢት አፍ አጠበቀች። እሱም፣ «ጣፋጭ ነበር ወይ?» አላት።

«ምኑ?»

«ማርማላታው። እኔን አንድ ቀን ቀምሰህ እይ ብለሽኝ አታውቂም።»

ይህን ሲል ድምፁ ተሰበረ፤ እሷም ወደ መስኮቱ ዞረች።

ፍርዱ በሁለት ወር መጣ፤ እንደተጠበቀው ሆነ። ከፍርዱ ጋር ከላንግሪጅ ዘንድ አንድ ደብዳቤ ደረሳቸው። ሰውየው ሰንሰለቱን ለማንሳት ተስማምቷል። እግረኞች በፈቃዱ ሊያልፉ ይችላሉ። ነገር ግን መንገዱ ለዘለቄታው የሕዝብ እንዳይሆን፣ ጠበቃው እንደመከረው፣ በየዓመቱ የፌብሩዋሪ የመጀመሪያ ቀን በሩ ይቆለፋል። አንድ ቀን ብቻ። ባለመሬትነቱን ለማስታወስ።

ሞይራና ሌሎቹ ተደሰቱ። «ምን ቀረብን? ሦስት መቶ ስድሳ አራት ቀን በቂ ነው» አሉ። ዊልፍ ግን አልሄደም። በጋውም አለፈ፣ ቅጠሉም ረገፈ፣ ማኅበሩ ሳልትቢን አራት ጊዜ ሲመላለስ እሱ ቤቱ ተቀመጠ። በፈቃድ የሚረገጥ መንገድ አልረግጥም አለ። ኤኒድ አንድ ብልቃጥ ማርማላታ ደጁ ላይ አስቀምጣለት ተመለሰች፤ በሳምንቱ ብልቃጡ ታጥቦ፣ ባዶውን፣ የእሷ ደጅ ላይ ተገኘ። ቃል ግን አልነበረበትም።

በፌብሩዋሪ የመጀመሪያ ቀን ዋዜማ ስልኳ ጮኸ።

«የነገ ጠዋት ባቡር» አለ ዊልፍ። «ከእኔ ጋር ትሄጃለሽ?»

«ነገ እኮ የሚቆለፍበት ቀን ነው።»

«ለዚያ ነው።»

ከእነሱ በቀር ሳልትቢ ላይ የወረደ አልነበረም። ብርዱ ፊት ይገርፋል፤ መስኩ ላይ ውርጭ ጨው መስሎ ተነስንሷል። ከጣቢያው እስከ አጥሩ ያለችውን መቶ እርምጃ ለመራመድ ዊልፍ ሦስት ጊዜ ቆመ። አጥሩ ጋ ሲደርሱ ሰንሰለቱ ታስሯል፤ ትንሽ ካርቶን ተንጠልጥሏል፦ «ዛሬ ዝግ ነው።»

ዊልፍ እጁን በበሩ አግዳሚ ላይ አኖረ። አንድ እግሩን አነሳ። ጉልበቱ አልታዘዘም። እንደገና ሞከረ። ከዚያም ቆመ፤ ትንፋሹ ብቻ ነጭ ሆኖ ይወጣ ነበር።

«አየሽ» አለ። «ለዛሬ ነበር የጠበቅኩት። ዓመቱን ሙሉ። አንዲት ቀን ሳላስፈቅድ ልረግጠው።»

ኤኒድ በሩን አየች፤ ሰንሰለቱን አየች፤ ካርቶኑን አየች። በሰባ አንድ ዓመቷ፣ ማለፍ ክልክል ነው የተባለበት ቦታ አንድ ቀን እግሯን አስገብታ አታውቅም። ቦርሳዋን አውርዳ መሬት ላይ አስቀመጠች።

«ከዘራህን ስጠኝ» አለችው።

«ምን ልታደርጊ?»

«ስጠኝ ነው የምልህ።»

ሰጣት። ከዘራው ሲሄድ የሚደገፈው ነገር አጣና ሁለት እጁን በተቆለፈው በር ላይ ጣለ፤ በሩ ያዘው። ኤኒድ ከዘራውን ወደ ማዶ ወረወረችና በሩ ላይ ወጣች፤ ቀሚሷን ሽቦው ያዘው፤ አስለቅቃ ወረደች። መስኩን ስታጋምስ ላንግሪጅ ከግቢው ወጣ፤ እጁ ላይ የሻይ ኩባያ ይዟል።

«እመቤት! ዛሬ ዝግ ነው!»

«አውቃለሁ!» አለች ሳትቆም። ከዚያ፣ እናቷ እንዳሳደገቻት፣ «ደህና ዋሉ ጌታዬ!» ብላ ጨመረች። ሰላምታ ነው እንጂ ልመና አልነበረበትም። ሰውየው ኩባያውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ።

በቅዳሜ እግረኞች ዘንድ አንድ ልማድ አለ፤ ባሕር የደረሰ ሰው የከዘራውን ጫፍ ውሃው ውስጥ ሳይነክር አይመለስም፤ ያልነከረ እንዳልሄደ ይቆጠራል። ኤኒድ ድልድዩን ተሻገረች፤ ጠጠሩ ላይ ወረደች፤ ማዕበሉ ሲመጣ የዊልፍን ከዘራ ነከረችው። ጫማዋም ራሰ። ባሕሩ ግራጫ ነበር፤ ለማንም ግድ የለውም።

ስትመለስ ዊልፍ በሩ ላይ እንደተደገፈ ነው። ፊቱ ከብርዱ የተነሳ ቀልቷል። ከዘራውን በአጥሩ ላይ አሻግራ ሰጠችው። የራሰውን ጫፍ በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፤ ጣቱንም ወደ ምላሱ አስጠጋ።

«ጨው» አለ።

«ጨው ነው።»

«አንድ» ብሎ ቆጠረ። እንደ እሷው ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። «ከዛሬ ጀምረን ብንቆጥር፣ ሃያ ሲሞላ ስንት ዓመቴ ይሆናል?»

«መቶ ሁለት።»

«እስከዚያ ጉልበቴ ይሻለዋል።»

አጥሩን ተሻግራ ወደ እሱ ወረደች፤ የለመደችው ከኋላ መሄድ ቢሆንም ያን ቀን ጎኑ ሆና፣ ክንዱን ይዛ፣ መቶዋን እርምጃ ተመለሱ። አግዳሚው ላይ አልተቀመጡም። ከሰሜን ባቡሩ ሲመጣ ድምፁ ሐዲዱ ውስጥ ይሰማ ጀመር። ዊልፍ በሁለት እጁ ከዘራውን ይዟል።

ኤኒድ እጇን ዘረጋች፤ ባቡሩም ተለምኖ ቆመ።